በር ላይ «ሰክሯል» የተባለው አባት፦ እግርንም ዓይንንም የያዘ የዘር ሕመም በአንድ የጎጃም ቤተሰብ

ጉዳዩ እንዴት መጣ

ካርድ የወጣው ለልጁ ነበር። የ11 ዓመት ልጅ፣ የ4ኛ ክፍል ተማሪ። ካርዱ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ሰሌዳ አይታየኝም ይላል።» ጊዜው 2011 ዓ.ም. ኅዳር፣ ቦታው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል። እኔ በዚያን ጊዜ እዚያ ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። ከተመረቅኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ።

የዓይን ክፍሏ ነርስ ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ልታደርግለት ፈለገች። አብሮት ያለ አዋቂ ግን የለም። «አባትህስ?» ስትለው «በር ላይ ነው፤ ዘበኛው ከለከለው» አላት። ለምሳ ልወጣ ስል ስለነበር እኔ ልጥራው ብዬ ሄድኩ። ዘበኛው ሳልጠይቀው ጀመረ። «ዶክተር፣ ይኼ ሰውዬ በጠዋቱ ጠጥቶ ነው የመጣው። እግሩ አልጸና ብሎታል እኮ።»

አባትየው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። የአረቄ ሽታ የለም። የጠላም የለም። ሲያወራ ግን ምላሱ ይተሳሰራል፤ ቃሉ አንዴ ጮክ፣ አንዴ ቀስ ይላል። «ኧረ እኔ ከተውኩት ሦስት ዓመቴ፣ ሚካኤልን» አለኝ። ሊነሳ ሲል ሁለቱን እግሮቹን በሰፊው ከፈተ፣ በዱላው መሬቱን ፈለገ፣ ከዚያ ቀና አለ። ከበሩ እስከ ዓይን ክፍሉ 60 እርምጃ ቢሆን ነው። ሁለት ጊዜ ግድግዳ ያዘ። ፀሐዩ ላይ ስንወጣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ሳበው። ልጁ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፤ እሱም ልክ እንደ አባቱ ዓይኑን በእጁ ጋርዶ አጥብቦታል።

ያንን ቀትር ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ። አባትና ልጅ አንድ ዓይነት ሲያደርጉ ባላይ ኖሮ ልጁ ሦስተኛ መነጽር ታዝዞለት ይሄድ ነበር። ዘበኛውን አልወቅስም፤ እኔም ከሩቅ ባየው ሰክሯል እል ነበር።

ስማቸውንና ቀበሌያቸውን አልጽፍም፤ አንዳንድ ዝርዝርም ሆን ብዬ ለውጫለሁ። እናትየው የፈቀደችልኝ «ለሌላው ከጠቀመ ጻፈው፣ ስም ግን እንዳታነሳ» ብላ ነው።

ከዚያ በፊት የተባለውና የተደረገው

አባትየው ያኔ 38 ዓመቱ ነው። ገበሬ ነው፤ ጤፍና ስንዴ ያርሳል። ሚስት፣ ይህ ልጅና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አሉት። ችግሩ ከጀመረው አምስት ዓመት ሆኖታል። የመጀመሪያው ምልክት የታየው በእርሻው ላይ ነው። ፈሩ ጠመመ። ጥፋቱ የበሬው ነው ተብሎ አንዱ በሬ ተሸጠ። በአዲሱ በሬም ፈሩ ጠመመ።

ቀጥሎ ምላሱ ከበደ። ያኔ «አረቄው ነው» ተባለ። ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ አስማለችው፤ ተወም። አለመጽናቱ ግን ባሰበት። ልብ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምርመራ አልነበረም፤ ለሦስት ዓመት አልኮል ያልቀመሰ ሰው እየባሰበት ከሄደ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ግን ማንም በዚያ መልክ አላየውም። ሰፈሩ «ተደብቆ ይጠጣል» አለ። በቅዳሴ ሰዓት አንድ ቀን ተንገዳግዶ ሰው ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ።

ጠበል ለሁለት ሱባኤ ተጠመቀ። ጤና ጣቢያ ሄዶ «ነርቭ ነው» ተብሎ የቫይታሚን ቢ መርፌ ተወጋ። አንድ ዘመድ «ጓያ ሰብሮት ነው» አለ። ዓይኑን በተመለከተ ደግሞ ትራኮማ ነው ተብሎ ቅባት ተሰጠው። በአማራ ክልል ትራኮማ ብዙ ስለሆነ ዓይን ያመመው ሰው ሁሉ መጀመሪያ በዚያ መጠርጠሩ አይገርምም።

የልጁ ታሪክ ለብቻው ይሄዳል። ከከተማ ሁለት ጊዜ መነጽር ተገዛለት፣ ምንም አልለወጠም። አስተማሪው ወደ ፊት አስቀመጠው፣ አሁንም አያነብም። «ሰነፍ ነው፤ ከብት ሲጠብቅ እኮ ያያል» ተባለ። አንድ የጤና ባለሙያ ዳፍንት ጠርጥሮ ቫይታሚን ኤ ሰጠው።

እኛ አገር «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም የሠራነው እንዲሁ ነው። እግር ያየ እግሩን፣ ዓይን ያየ ዓይኑን፣ ትምህርት ቤቱ ውጤቱን። ባለሙያዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ እያንዳንዳቸው የቀረበላቸውን ነው ያዩት።

ስንመረምራቸው ያገኘነው

ከአባትየው ልጀምር። ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት እያስነካ እንዲራመድ ስጠይቀው አንድ እርምጃም አልቻለም። አፍንጫውን ነክቶ ጣቴን እንዲነካ ስጠይቀው እጁ ወደ ዒላማው ሲቀርብ ይንቀጠቀጥና አልፎ ይሄዳል። መዳፉን ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ አይችልም፤ ምቱ ይበላሻል። ጡንቻው ግን ጠንካራ ነው። ጉልበት ሳይጠፋ ቅንጅት ሲጠፋ አታክሲያ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ያለው ሴሬቤለም በሚባለው የኋለኛው የአንጎል ክፍል ላይ ነው። ሪፍሌክሱ፣ ማለትም ጉልበቱ በመዶሻ ሲነካ እግሩ ሳያስበው የሚዘለው ነገር፣ ከወትሮው የጠነከረ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ የዓይኑ እንቅስቃሴ ነው። ሁለት ጣቶቼን ግራና ቀኝ አድርጌ «ይኼን እይ፣ ያንን እይ» ስለው ጤነኛ ዓይን እንደሚዘለው አይዘልም። እየዳኸ ይሄዳል። ሲሰለቸው ዓይኑን ትቶ ራሱን ያዞራል፣ ወይም ጨፍኖ ይገልጣል። ሚስቱ በኋላ «ሰው ሲጠራው በመላ ገላው ነው የሚዞረው» ያለችው ይህንኑ ነው።

እይታው በሁለቱም ዓይን 6/36 ነበር፤ ጤነኛ ዓይን ከ36 ሜትር የሚለየውን እሱ የሚለየው ከ6 ሜትር ነው ማለት ነው። ቀዳዳ ባለው ካርድ ሲያይ አልተሻሻለም። ይህ ቀላል ምርመራ ነው፤ ወረቀት በመርፌ በስቶ መሥራት ይቻላል። በቀዳዳው ሲያዩ ከተሻለ ችግሩ ብዙ ጊዜ መነጽር የሚፈታው ነው። ካልተሻለ ወደ ውስጥ መመልከት ይገባል። ወደ ውስጥ ስናይ ሬቲና የተባለው ብርሃን ተቀባይ የዓይን የኋላ ሽፋን መሐሉ፣ ማኩላ የሚባለው፣ ሳስቶና ተዥጎርጉሮ አገኘነው።

የልጁ ግን ወደ ውስጥ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። እይታው 6/60፣ በቀዳዳም ያው። አረማመዱ ደህና። ነርሷ «ያስመስል ይሆን?» አለችኝ በሹክሹክታ። ኢሺሃራ የተባለውን የቀለም መጽሐፍ ሰጠነው፤ አብዛኛውን አነበበው። እኔም ልጁ ላይ ጥርጣሬ ገባኝ። ለዚህ ነው አሁን ይቅርታ የምጠይቀው። መጽሐፉ የተሠራው ቀይና አረንጓዴ ለሚምታታባቸው ነው። ሰማያዊና ቢጫ ላይ ያለውን፣ ሰማያዊን ከአረንጓዴ የሚያምታታውን ችግር አያሳይም።

መልሱን ያገኘሁት ከራሱ ነው። «መቼ ይሻልሃል?» አልኩት። ሳያስብ «ክረምት» አለኝ። ደመና ሲሆን ያያል፤ በጋ ሲገባ ይጠፋበታል። ጠዋት በጠዋቱና ማታ ጀንበር ስትጠልቅ ከብቶቹን ለይቶ ያውቃል፣ ቀትር ላይ ግን ጥጃና ድንጋይ አይለይም።

ይህ የዳፍንት ተቃራኒ ነው። ዳፍንት ያለበት ሰው የሚቸገረው ሲመሽ ነው። በብርሃን የሚጠፋና በድንግዝግዝ የሚሻል እይታ ግን ኮን የተባሉት የሬቲና ሕዋሳት እየደከሙ መሆኑን ይጠቁማል። ዝርዝር እይታና ቀለም የእነሱ ሥራ ነው፤ በደማቅ ብርሃን የሚሠሩትም እነሱ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ስንት መሣሪያ ስናገላብጥ ቁልፉ «ክረምት» የምትለዋ ቃል ላይ ነበረች።

የአያትየዋ ዘር ቆጠራ

በሁለተኛው ቀጠሮ እናትየውና የአባትየው እናት አብረው መጡ። አያትየዋ ወደ 70 ይጠጋሉ። «እማማ፣ ከባለቤትዎ ወገን እንዲህ የሚሆን ሰው ነበር?» አልኳቸው።

ጎጃም ውስጥ ለጋብቻ ሰባት ቤት ስለሚቆጠር ትልልቅ ሰዎች የዘር ሐረግን በቃላቸው ይይዛሉ። ከተማ ውስጥ የአያቱን ወንድሞች የማያውቅ ስንት አለ። እማማ ግን ሳይቸገሩ አራት ትውልድ ዘረዘሩልኝ። እኔ ወረቀት ላይ ክብና አራት ማዕዘን እየሣልኩ መከተል አቃተኝ።

«ሽማግሌው እንዲሁ ነበር» አሉ ስለ ሟች ባለቤታቸው። «55 ካለፈው በኋላ ነው የጀመረው። ቀን ይደናበራል፣ ማታ ማታ ያያል። ኋላ ውኃው ትን እያለው ሄደ።» ቀጥለው የባላቸውን እህት፣ ከዚያ የባላቸውን አባት ጠሩ። የበኩር ልጃቸውም፣ የታማሚያችን ታላቅ ወንድም፣ አዲስ አበባ ሆኖ በ40ዎቹ እግሩ እንደከዳው ነገሩኝ። ሰፈሩ ሽማግሌውን ጓያ ነው ብሎት ነበር።

ሥዕሉ ሲያልቅ ሦስት ነገር ታየ። አንደኛ፣ በየትውልዱ ሰው አለ፤ የዘለለው ትውልድ የለም። ሁለተኛ፣ ወንድም ሴትም ይይዛል፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅም ተላልፏል። ሦስተኛው የሚያስፈራው ነው፦ አያት 55 ላይ፣ አባት 33 ላይ፣ ልጅ 10 ላይ። ዕድሜው እየወረደ ነው።

እናትየው ገበያ ውላ ስለመጣች ለሞሰብ ስፌት የገዛችው ክር በዘንቢሏ ነበር። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ልጁ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን አንድ ላይ አደረገ። አባትየውም እንዲሁ። እናትየው ሳቀች፤ «አረንጓዴ አምጣ ብዬ ልኬው ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር የሚያመጣልኝ። እኔ እኮ ልቡ ሌላ ጋ ነው እያልኩ ስጣላው ነው የኖርኩት።» ከዚያ ዝም አለች።

ምን ምን ጠረጠርን

ጓያን መጀመሪያ ላንሳ፤ ሰፈሩ የሚያውቀው እሱን ነውና። ጓያ አብዝቶ በመብላት የሚመጣው ሽባነት ሁለቱን እግሮች ያገትራል። ሰውየው በጣቱ እየቆመ፣ ጉልበቱ እየተጋጨ ይሄዳል። ንግግርንና እይታን አይነካም፤ ከጀመረ በኋላም እንዲህ ዓመት በዓመት እየባሰ አይሄድም። የእኛ ሰው አረማመድ ሰፊና የሚወዛወዝ ነው። ጓያ አይደለም።

ሊታከሙ የሚችሉትን ማስወገድ ደግሞ ግዴታ ነበር። የታይሮይድ፣ የቢ12፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ ተደረገ፤ ሁሉም ደህና። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወስዶ አያውቅም፤ ከእነሱ አንዱ፣ ፌኒቶይን፣ ሲበዛ እንዲህ ያንገዳግዳልና መጠየቅ ይገባል።

ከዘር ሕመሞቹ በብዙ አገር በብዛት የሚታየው ፍሪድሪክ አታክሲያ ነው። እሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ25 ዓመት በፊት ይጀምራል፣ ሪፍሌክስን ያጠፋል፣ ልብንም ይነካል። የእኛ ሰው ሪፍሌክሱ ጠንካራ፣ የልቡ ኢሲጂ ደህና ነው። ደግሞ ፍሪድሪክ የሚመጣው የተበላሸውን ጂን ከእናትም ከአባትም ሲወርሱ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር የሚከላከለው እንዲህ ያለውን ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚመጣውን ግን ሰባት ቤትም፣ 14 ቤትም ቢቆጠር አያስቀረውም። እማማ ይህን ሲሰሙ በጣም ነው ያዘኑት፤ «እኛ እኮ አጥብቀን ነው የቆጠርን» አሉ።

ቫይታሚን ኢ ጉበት ወደ ደም መመለስ ሲያቅተው የሚመጣ አታክሲያም አለ። ይታከማል። እሱም ግን ከሁለቱም ወላጅ የሚወረስ ነው፤ ዓይንን ሲነካም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከማታ እይታ ነው።

የቀረው ስፓይኖሴሬቤላር አታክሲያ ዓይነት 7 ነበር፤ በአጭሩ ኤስሲኤ 7። ስፓይኖሴሬቤላር የሚባሉት ከ40 በላይ ዓይነቶች አሏቸው። ከእነሱ ውስጥ የሬቲናን መሐል በማጥፋት ተለይቶ የሚታወቀው 7ኛው ነው።

ማረጋገጡ

ባሕር ዳር ተልኮ ኤምአርአይ ተነሳ፤ ለዚያ በግ ተሸጠ። ሴሬቤለሙና ከፊቱ ያለው የአንጎል ግንድ ክፍል ሟሽሾ ታየ። አዲስ አበባ ያለ የነርቭ ስፔሻሊስት በሐሳባችን ተስማማ። የጂን ምርመራው ግን አገር ውስጥ አልተገኘም። ውጭ የሚኖር የአክስት ልጅ ገንዘቡን ላከ፤ ደሙ በአንድ የግል ላቦራቶሪ በኩል ውጭ ሄዶ በ2012 ዓ.ም. ውጤቱ መጣ።

ኤስሲኤ 7ን የሚያመጣው ኤቲኤክስኤን 7 የሚባለው ጂን ነው። በ3ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ የተለየውም እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ጂኑ ውስጥ ሲኤጂ የተባለች ባለ ሦስት ፊደል ቃል ትደጋገማለች። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ 10 ገደማ ናት። 37 እና ከዚያ በላይ ስትሆን ታሳምማለች። የአባትየው 45 ነበር።

ይህን ለቤተሰቡ ማስረዳት አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ያልገባው ሰው በትህትና የሚነቀንቀው ዓይነት። መፍትሔው የመጣው ከንስሐ አባታቸው ጋር ስናወራ ነው። «ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ አንድ ቃል ደጋግሞ እንደሚስት ማለት ነው?» አሉኝ። በትክክል! 10 ጊዜ መጻፍ የሚገባውን 45 ጊዜ ጻፈው። ከእሱ የሚገለብጠው ደግሞ መቁጠሩ ይጠፋበትና ይጨምርበታል። ድግግሞሹ በበዛ ቁጥር ሕመሙ ቶሎ ይመጣል፤ በጣም ከበዛ ዓይን ከእግር ይቀድማል። በተለይ ከአባት ሲተላለፍ ጭማሪው ይከፋል። በአንዳንድ ቤተሰብ ልጁ ከአባቱ ቀድሞ ይታመማል። ጎጃም የብራናና የቅኔ አገር ነው፤ ይህን ምሳሌ ያልተረዳ አልነበረም።

ምን ረዳ፣ ምን አልረዳ

ሕመሙን የሚያቆም መድኃኒት የለም። ይህን አልሸፈንኩም። የቀረው ጉዳትን መቀነስ ነው፤ እዚህ ላይ ሳልገምት ብዙ ነገር ተሳካ።

ከሁሉም የረዳው መቋሚያ ነው። በእጅ የሚያዝ አጭር ዱላ አይበቃውም ነበር። ንስሐ አባቱ የራሳቸውን መቋሚያ ሰጡትና ከግድግዳ አጠገብ ቦታ አሳዩት። በሚቀጥለው እሑድ ቆሞ አስቀደሰ። ካህኑ ሰካራም እንዳልሆነ ለምእመናኑ ተናገሩ። እኔ በአንድ ዓመት ማድረግ ያልቻልኩትን በአንድ ጠዋት አደረጉት።

ከቤት እስከ ሽንት ቤት ገመድ ተዘረጋ። ምድጃው ዙሪያ ድንጋይ ተደረደረ፤ የሚንገዳገድ ሰው እሳት ላይ መውደቁ ቀላል ነውና። ውኃ ሲጠጣ ትን የሚለው አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ በትንሽ በትንሹ ሲጠጣ ቀነሰለት። አጥሚት ደግሞ ከውኃ ይሻለዋል። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። ይህ ለገበሬ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በሬዎቹን ሲያስረክብ አለቀሰ።

ለልጁ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ሰጠነው። መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ ፊት ላይ ተቀመጠ። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ካህኑም ዜማ ያስተምሩት ጀመር፤ የቃል ትምህርት ነውና ሰሌዳ አይፈልግም። ቅዳሜና እሑድ ይሄዳል። ሰነፍ የተባለው ልጅ የሰማውን አይረሳም።

ያልረዳው፦ ቫይታሚን ኢ ለሦስት ወር ሞከርን፣ ምንም አልለወጠም። የዘር ሐረጉን ካየሁ በኋላ እንደማይሆን አውቄው ነበር። ሊታከም የሚችል ነገር ሳልሞክር ማለፍ ከብዶኝ ነው፤ ገንዘቡ ግን የእነሱ ነበር። ፊዚዮቴራፒ ደብረ ማርቆስ ድረስ ያስኬድ ስለነበር ሁለት ጊዜ ሄዶ ተወው። በ2015 ዓ.ም. የካቲት የአሜሪካው የመድኃኒት ባለሥልጣን ኦማቬሎክሶሎን የተባለ መድኃኒት ለፍሪድሪክ አታክሲያ አጸደቀ። ያ የአክስት ልጅ «ተገኘ!» ብሎ ደወለ። ቤቱ ለሁለት ቀን በደስታ ሰነበተ። መድኃኒቱ የሌላ ሕመም እንደሆነ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

የእኔ ስህተት

ውጤቱ የመጣ ቀን ክፍሌ ሞልቶ ነበር። በሩን አልዘጋሁም። አብሯቸው የመጣ የእናትየው ወንድም ነበር፤ ውጣ አላልኩትም። «የዘር ነው» አልኩ፣ በዚሁ ቃል።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ተጨንቆ በአንድ ዝክር ላይ አወራው። በወሩ የእናትየው የእህት ልጅ እጮኝነት ፈረሰ። «በዚያ ቤት የዘር በሽታ አለ» ተባለ። ልጅቷ ከሕመሙ ጋር ምንም የሥጋ ዝምድና የላትም! ሕመሙ በአባት ወገን ነው፣ እሷ በእናት ወገን ናት። ሽማግሌ ልከን አስረዳን፤ ነገሩ ግን አልተመለሰም።

እኛ አገር «የዘር» የሚለው ቃል ክብደቱ ሌላ ነው። የእግር እብጠት ያለበትን ሰው እንኳ የዘር ነው ብለው ጋብቻ ይከለክሉታል፤ ያ እብጠት ግን ጫማ በማድረግና እግር በመታጠብ የሚከላከሉት ነው። ይህን እያወቅኩ ነው ቃሉን በክፍት በር የተናገርኩት።

ለሌላ ባለሙያ የሚተርፍ

እግሩ የሚንገዳገድን ሰው ስለ ዓይኑ ጠይቁ። ዓይኑ የደከመን አስነስታችሁ አራምዱ። «መቼ ይሻልሃል፣ ቀን ወይስ ማታ?» የምትለው ጥያቄ ገንዘብ አታስወጣም። ሬቲናው ጤነኛ መስሎ እይታው የጠፋ ልጅ ያስመስላል ከመባሉ በፊት የአባቱ አረማመድ ይታይ፤ ኢሺሃራ ማንበቡም አያሳምናችሁ።

አያት ካለች አያትን ጥሩ። እኔ ከኤምአርአዩ ይልቅ ከእማማ ነው የተማርኩት።

ስለ ዕድሉ ስታስረዱ ዘውድና ጎፈር በሉ። የታመመ ወላጅ ልጅ ሁሉ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሳንቲሙ እንደገና ይወረወራል። አባትየው «ከሁለቱ አንዱ ስለታመመ ሴቷ ተርፋለች» ብሎ ያምን ነበር። እንዲህ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። ልክ እንዳልሆነ ንገሩ፤ በሩን ግን መጀመሪያ ዝጉ።

አሁን ያሉበት

አባትየው ከቤት ብዙ አይወጣም፤ በድምፅ ሰውን ይለያል። ልጁ በ2015 ዓ.ም. መደናቀፍ ጀምሯል፤ ዜማውን ግን አልተወም።

አባትየው ሴቷን እንድናስመረምርለት ጠይቆ ነበር። ሕክምና ለሌለው ሕመም ጤነኛ ሕፃን ባይመረመር እንደሚመረጥ፣ አድጋ ራሷ እንደምትወስን ነገርኩት። ተስማማ። እናትየውም ተስማማች።

ባለፈው ስትመጣ ግን ከዘንቢሏ ውስጥ ያችን የክር ጥቅልል አየሁ። ቀና ብዬ ሳያት አልካደችም። «ስፌት ላስተምራት ነው የምላት» አለችኝ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ክሩን ትዘረጋለች። ልጅቷ ሰማያዊውን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ ታደርጋለች። «ያለፈው ቅዳሜም ለየችው፣ ዶክተር» አለችኝ።

እኔም ክሩን አልቀማኋትም።